ውኃውን የመረመረ ሐኪም

ጆን ስኖው በእንግሊዝ አገር ዮርክ በምትባል ከተማ በ1813 ዓ.ም. ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። አባቱ በጕልበቱ ሠርቶ የሚያድር ድኻ ነበረ፤ ጆንም ከዘጠኝ ልጆች የበኵር ልጅ ነበረ። ወላጆቹ ግን ድኽነታቸው ሳያግዳቸው ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሰደዱት። 14 ዓመት በሆነው ጊዜ ኒውካስል ወደምትባል ከተማ ሄዶ፥ በአንድ ሐኪም ዘንድ የሕክምናን ሥራ ይማር ጀመረ።

18 ዓመት ሲሆነው ኮሌራ የሚባል ክፉ በሽታ ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። ይህ በሽታ የያዘውን ሰው ያለ ማቋረጥ ያስመልሰዋል፥ ያስቀምጠዋልም። የሰውነቱም ውኃ ስለሚያልቅ፥ ጧት ደኅና የነበረ ሰው ማታ ሊሞት ይችላል። ጆንም የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች ወደሚኖሩበት መንደር ተልኮ ድውያንን ሲረዳ ሰነበተ። የብዙ ሰዎችንም ሞት በዓይኑ አየ።

ከዚህ በኋላ በ1836 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ1844 ዓ.ም. የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለ። በሥራውም ትጉህ ስለ ሆነ ስሙ ታወቀ። በ1853 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ በወለዱ ጊዜ፥ የምጡ ሥቃይ እንዲቀልላቸው ክሎሮፎርም የሚባለውን መድኃኒት ያሸተታቸው እርሱ ነው። ነገር ግን በልጅነቱ ያየውን በሽታ አልረሳም።

በዚያን ዘመን ከሊቃውንት የሚበዙት፥ ኮሌራ የሚመጣው ከቈሻሻ ከሚወጣ ክፉ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስኖው ግን አሰበ። በሽታው ከአየር ጋራ የሚገባ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ሳንባን በጎዳ ነበር፤ እርሱ ግን የሚጀምረው ከሆድ ነው። እንግዲህ ሰው ከውኃ ወይም ከምግብ ጋራ የሚውጠው ነገር መሆን አለበት። ይህንም አሳብ በ1849 ዓ.ም. በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ አወጣ፤ የተቀበሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

በ1854 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጨረሻ፥ በሎንዶን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ በድንገት ተነሣ። በ10 ቀን ውስጥ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። የቀሩትም ቤታቸውን እየዘጉ ሸሹ። ስኖው ግን ወደዚያ ሰፈር ገባ። ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፥ ማን እንደ ሞተና ውኃውን ከወዴት ይቀዳ እንደ ነበረ ጠየቀ። ከሞቱትም የሚበዙት ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ካለው ጕድጓድ አጠገብ የሚኖሩ ሆነው ተገኙ። የዚህ ጕድጓድ ውኃ በብረት እጀታ እየተሳበ የሚወጣ ነበረ።

ደግሞ ያልሞቱትን መረመረ። በዚያው ሰፈር 535 ድኾች የሚጠለሉበት ቤት ነበረ፤ ከእነርሱ በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። ቤቱ የራሱ ጕድጓድ ነበረውና። በቢራ መጥመቂያው ቤት ከሚሠሩት ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ግን አንድ እንኳ አልሞተም፤ ከብሮድ ስትሪት ውኃ አይጠጡም ነበርና። ከዚያ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት ደግሞ ሞተች። ስኖው ነገሩን ቢመረምር፥ ባልቴቲቱ የብሮድ ስትሪትን ውኃ ጣዕም ስለምትወድ በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ እንደ ነበረ ተረዳ።

ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ሰፈሩ ሹማምንት ሄዶ አስረዳቸው። እነርሱም በመስከረም 8 ቀን የጕድጓዱ እጀታ እንዲነቀል አደረጉ። ብዙ ሰው ስለ ሸሸ በሽታው ከዚያ ቀን በፊት መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ስኖውም ይህን አልሸሸገም። ለራሱ ምስጋና ብሎ ከእውነት ላይ አልጨመረም።

በዚያ ሰፈር ያገለግሉ የነበሩት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ በመጀመሪያ የስኖውን ቃል አላመኑም፤ ስሕተቱንም ለመግለጥ ብለው ሕዝቡን ይጠይቁ ጀመር። ነገር ግን ምርመራቸው እውነቱ ከስኖው ጋራ መሆኑን አሳያቸው። ከሌሎቹ አስቀድሞ አንድ ሕፃን ታምሞ ነበር፤ ጨርቁ የታጠበበት ውኃም ከቤቱ ፊት ባለ የሽንት ቤት ጕድጓድ ፈሶ ነበር። የዚያም ጕድጓድ ግንብ ስለ ፈረሰ፥ እድፉ በመሬት ውስጥ እየሰረገ ወደ መጠጡ ውኃ ይገባ ነበር። ቄሱም መሳሳታቸውን አምነው የስኖው ወዳጅ ሆኑ።

በዚያው ዓመት ስኖው በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ውኃ የሚሸጡትን ሁለት ማኅበሮች መረመረ። አንደኛው ማኅበር ውኃውን የሚቀዳው የከተማው እድፍ ከሚገባበት ስፍራ ነበረ፤ ሁለተኛው ከከተማው በላይ ካለው ንጹሕ ስፍራ ይቀዳ ነበር። ከአንደኛው በሚጠጡ በ10,000 ቤቶች 315 ሰዎች ሲሞቱ፥ ከሁለተኛው በሚጠጡ በ10,000 ቤቶች የሞቱት 37 ብቻ ሆኑ። ሰዎቹ ግን ጎረቤታሞች ነበሩ፤ የሚተነፍሱትም አየር አንድ ነበረ።

ጆን ስኖው በ1858 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ ዐረፈ። በሕይወቱ ሳለ ከሊቃውንት ብዙዎቹ አላመኑትም። በ1884 ዓ.ም. ግን ሮበርት ኮክ የሚባል የጀርመን ሐኪም፥ ኮሌራን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር መሆኑን አስታወቀ። የስኖውም ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ።

ልጆች ሆይ፥ የብሮድ ስትሪት ውኃ ለዓይን የጠራ፥ ለአፍም የጣፈጠ ነበረ፤ ነገር ግን ሞት ነበረበት። ስለዚህ የምትጠጡትን ውኃ በመልኩ ብቻ አትመኑት፤ ንጹሕነቱን ካላወቃችሁ አፍልታችሁ ጠጡ። ከመብላታችሁም በፊት እጃችሁን ታጠቡ። ነገርንም ሁሉ፥ ብዙ ሰው ስላለው ብቻ እውነት ነው አትበሉ፤ እንደ ስኖው ጠይቁ፥ ቍጠሩ፥ መርምሩ። ተሳስታችሁም ብትገኙ፥ እንደ ቄሱ እውነትን ለመቀበል አትፈሩ።