ወርቅ አንጥረኛው ሬኔ ላሊክ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ በተዘረጉት በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ለሚመላለስ ሰው፣ በሸንበቆ ጫፍ ላይ የምታርፈው የውኃ ተርብ እንግዳ አይደለችም። አካሏ ቀጭን ነው፤ ክንፏም እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል። ብዙ ሰው አይቷት ያልፋል። ከእንዲህ ያለችው ትንሽ ፍጥረት ዓለም ያደነቀውን ጌጥ ያወጣ አንድ ፈረንሳዊ ወርቅ አንጥረኛ ነበረ። ስሙም ሬኔ ላሊክ ይባላል።

ላሊክ እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. ሻምፓኝ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ተወለደ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ስለሞተ፣ ፓሪስ ከሚገኝ ሉዊ ኦኮክ ከተባለ ወርቅ አንጥረኛ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። ከዚያም በለንደን ሁለት ዓመት ያህል ሥዕል አጥንቶ ተመለሰ። ይሁን እንጂ የራሱ መሥሪያ ቤት ስላልነበረው፣ ለታላላቅ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ንድፍ እየሸጠ ይተዳደር ጀመር። ስለዚህ እርሱ ያሰበው ጌጥ በሌላ ሰው ስም ይታይ ነበር። የራሱን መሥሪያ ቤት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ዘመን የአንድ ጌጥ ዋጋ የሚለካው በአልማዙ ብዛትና ትልቅነት ነበር። የባለ እጁም ድርሻ ድንጋዩን ደግፎ ከመያዝ እምብዛም አያልፍም ነበር። ላሊክ ግን ይህን ልማድ አልተቀበለም። ቅጠልን፣ አበባን፣ እባብንና ነፍሳትን እየተመለከተ በወርቅ ቀረጸ። ርካሽ የነበረውን የከብት ቀንድ ጠርቦ የጠጉር ማበጠሪያ አደረገው። ባለ ቀለም የመስተዋት ዱቄትንም በቀጭን የወርቅ ክፈፍ መካከል በእሳት አቀለጠው። ከበስተኋላው ሽፋን ስለሌለው፣ ብርሃን እንደ ነፍሳት ክንፍ ያልፍበት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ሥራዎቹን ለማየት ሕዝብ ተጋፋ። ከእነዚህም መካከል ግማሽ አካሏ ሴት፣ ግማሽ አካሏ የውኃ ተርብ የሆነችው የደረት ጌጥ ትገኝበታለች። ይህችን ጌጥ ካሉስት ጉልበንኪያን የተባለው አርመናዊ ባለጸጋ ገዝቷት፣ ዛሬ በሊዝበን ከተማ በስሙ በተሠራው ቤተ መዘክር ትታያለች።

ከዚያ በኋላ ላሊክ ወደ መስተዋት ሥራ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. በአልዛስ አውራጃ የመስተዋት ፋብሪካ ማቋቋም ጀመረ። የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. ነው።

በአገራችንም ቀንድ ዋንጫ ይሠራበታል፤ የሠሪው ስም ግን አይነሣም። በጋሞ ደጋም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ለብዙ ዘመን ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልለው ኖረዋል። ሰው በእንስራቸው ውኃ እየቀዳ፣ ባለቤቶቹን ግን ከማዕዱ ያርቅ ነበር። የላሊክ ሕይወት የሚያስተምረን ይህ ፍርድ ስሕተት መሆኑን ነው። ተራውን ቀንድ ከአልማዝ ጎን ያቆመው የድንጋዩ ውድነት ሳይሆን፣ በጥንቃቄ ያየ ዓይንና በትዕግሥት የሠራ እጅ ነው።