ክርስቲያን ዶፕለር፦ ከጥንድ ከዋክብት ቀለም እስከ እትብት የደም ፍሰት

በማኅፀን ውስጥ እድገቱ የተገታ ፅንስ የሚገኝበት ሁኔታ ከሚገመገምባቸው መንገዶች አንዱ በእትብቱ የሚያልፈውን የደም ፍሰት መለካት ነው። ልኬቱ የሚጠራበት የፊዚክስ ሊቅ፣ ክርስቲያን ዶፕለር፣ መርሑን ሲያቀርብ ያተኮረው በከዋክብት ላይ ነበር።

ዶፕለር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1803 በሳልዝቡርግ ከድንጋይ ጠራቢ ቤተሰብ ተወለደ። ጤናው ደካማ ስለ ነበር የአባቱን ሙያ አልያዘም፤ በቪየና ሒሳብ ተማረ። ቋሚ ሥራ አጥቶ ወደ አሜሪካ ለመሰደድ በተዘጋጀበት በ1835 ከፕራግ የማስተማር ጥሪ ደረሰው።

በዚያችው ከተማ ሜይ 25 ቀን 1842 ለቦሄሚያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ የሞገድ ምንጭ ወደ ተመልካች ሲቀርብ ድግግሞሹ እንደሚጨምር፣ ሲርቅም እንደሚቀንስ አስረዳ። ከዚህ ተነሥቶ የጥንድ ከዋክብት ቀለም የሚለያየው በእንቅስቃሴያቸው ምክንያት ነው ሲል ደመደመ። በ1845 ሆላንዳዊው ቦይስ ባሎት መለከት ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ መርሑ ለድምፅ እንደሚሠራ አረጋገጠ፤ የከዋክብቱን ትርጓሜ ግን አልተቀበለም። የከዋክብት ቀለም በዋናነት የሚወሰነው በሙቀታቸው በመሆኑ፣ ዶፕለር በመርሑ ትክክል፣ በትርጓሜው ግን ስሑት ነበር።

በ1850 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም ዳይሬክተር ሆነ፤ ግሪጎር ሜንደልም በዚያ ተማሪው ነበር። የሳንባ ሕመሙ ስለ ጸናበት ወደ ቬኒስ ሄዶ፣ ማርች 17 ቀን 1853 በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ መርሑ ወደ ሕክምና ገባ። ከሚንቀሳቀሱ ቀይ የደም ሕዋሳት ተንጸባርቆ የሚመለስ የአልትራሳውንድ ሞገድ ድግግሞሹ ስለሚለወጥ፣ ለውጡ የፍሰቱን ፍጥነት ያሳያል። በእንግዴ ልጅ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ፍሰቱን አብዝተው ሲገቱ፣ የፅንሱ ልብ በምትላላበት ቅጽበት በእትብት ደም ወሳጅ የሚያልፈው ደም ይቀንሳል፤ ሲብስም ይቋረጣል ወይም ወደ ኋላ ይፈስሳል።

ያለ ጊዜው ሊወለድ የተቃረበ ፅንስ ሳንባው እንዲጎለብት ለእናቲቱ ቤታሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ሲሰጥ፣ ተቋርጦ የነበረው ፍሰት በብዙዎቹ ለጥቂት ቀናት ተመልሶ ይታያል። ልኬቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለውጡ ጊዜያዊ በመሆኑ የእንግዴ ልጁ መዳኑን አያመለክትም። መመለሱን እንደ ፈውስ የሚቆጥር ሐኪም ክትትሉን ሊያላላ፣ የማዋለጃውንም ጊዜ ከሚገባው በላይ ሊያዘገይ ይችላል። ዶፕለር በከዋክብት ላይ የፈጸመው የትርጓሜ ስሕተት ሕይወት አላጠፋም፤ በእትብት ላይ የሚፈጸም ተመሳሳይ ስሕተት ግን ፅንሱን ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ከስቴሮይዱ በኋላ የሚገኝ ልኬት መድኃኒቱ ከተሰጠበት ሰዓት፣ ከፅንሱ የልብ ምትና ከሌሎች የደም ሥሮች ፍሰት ጋር ተገናዝቦ መነበብ ይኖርበታል።