የሴንጢው ልጅ ሳል ሚኒዮ

ቀይ ጃኬት የለበሰውን የጄምስ ዲን ሥዕል በየግድግዳው ላይ አይታችሁታል። «ሪበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» በተባለው ፊልም ከጎኑ ስላለው ትንሽ ልጅ ግን ብዙም አይወራም። እኔ ሳል ሚኒዮን የመረጥሁት የስደተኛ ልጅ ስለሆነ ነው።

ሳል እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከሲሲሊ የመጡ፣ በሬሳ ሣጥን ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። እናቱ በልጅነቱ የዳንስና የትወና ትምህርት ቤት አስገቡት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በብሮድዌይ «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» በተባለው ትርዒት የሲያምን ልዑል ሆኖ ተጫወተ። ንጉሡ ዩል ብሪነርም የሩሲያ ተወላጅ ነበር። መድረኩ ላይ ሲያማዊ ያልሆኑ አባትና ልጅ ሲያምን ወከሉ ማለት ነው።

ያ «ሪበል» የተባለው ፊልም በ1955 ወጣ። ሳል ፕሌቶ የተባለውን፣ ወላጆቹ ትተውት የሄዱ የሀብታም ልጅ ሆኖ በመጫወቱ በ17 ዓመቱ ለኦስካር ታጨ። ፕሌቶ በፖሊስ ጥይት ሲወድቅ አባትም እናትም የሉም፤ የምታለቅስለት ያሳደገችው ጥቁር ሠራተኛ ናት። እሷን የተጫወተችው ማሪዬታ ካንቲ በሆሊውድ ዘመኗ በአብዛኛው የሚሰጧት የቤት ሠራተኛነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆሊውድን ትታ ኮኔቲከት፣ ሃርትፎርድ ገባችና ለከተማዋ ሕዝብ ስትሠራ ኖረች። በእኔ አስተያየት የፊልሙ እውነተኛ ሐዘን ያለው በእሷ ፊት ላይ ነው።

«ክራይም ኢን ዘ ስትሪትስ» በ1956፣ «ዲኖ» በ1957 ተከተሉ። በሁለቱም ሳል የሰፈር ጎረምሳ ነበርና የሴንጢው ልጅ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ጥቁር ፀጉርና ጥቁር ዓይን ስላለው ደግሞ ሆሊውድ ያሻውን ሕዝብ አሸከመው። በ«ጃያንት» (1956) የሜክሲኮ ዘር ያለው አሜሪካዊ ወታደር ሆኖ ሬሳው በሣጥን ወደ አገሩ ሲመለስ እናያለን፤ የሣጥን ሠሪው ልጅ! በ«ቶንካ» (1958) የሱ ሕንዳዊ ሆነ። በ«ኤክሶደስ» (1960) ከአውሽቪትስ የተረፈ አይሁዳዊ ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ ለኦስካር ታጨ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የተሰጠውን በሚገባ ሠርቷል። ነገር ግን ለእነዚያ ሕዝቦች ልጆች በሩ ተዘግቶ ሳለ እሱ የሁሉም ፊት ሆነ።

ዕድሜው ሲገፋ ሥራው ቀነሰ። በ1971 በ«ኤስኬፕ ፍሮም ዘ ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» የቺምፓንዚ ጭንብል ለብሶ ስለተጫወተ ያ የታወቀ ፊት ጭራሽ አልታየም።

የካቲት 1976 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቲያትር ልምምድ ጨርሶ ሲመለስ፣ ቤቱ አጠገብ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር። ጋዜጦች ምክንያቱን ከግል ሕይወቱ ሲፈልጉ ከረሙ። በ1979 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰው ግን በአሥር ዝርፊያዎች ጭምር የተፈረደበት ዘራፊ ነበር። የሳል አስከሬን ወደ ኒውዮርክ ተመልሶ ሆቶርን በሚገኘው የጌት ኦፍ ሄቨን መካነ መቃብር ተቀበረ።