ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ ድምፃቸውን በሸክላ ያኖሩ ባለቅኔ

ከደሴ በስተ ምዕራብ ተነሥቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ በሚዘልቀው የወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ፣ ሰው ከቤቱ ያኖረውን ዘፈን እያወጣ ማዳመጥ ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሸክላ የደረሰው ሸክላውን፣ ካሴት የደረሰው ካሴቱን፣ የዛሬው ትውልድ ደግሞ በስልኩ ያጠራቀመውን ያዳምጣል። ምርጫው እንደ አድማጩ ዕድሜና ዝንባሌ ቢለያይም፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ሁሉንም ያገናኛሉ። ከአራቱ መካከል ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ከወሎ ምድር ነው።

ይህ ልማድ ግን መነሻ አለው። የኢትዮጵያዊን ዘፈን፣ ዘፋኙ በሌለበት ቦታ፣ ከመደርደሪያ አንሥቶ መስማት የተቻለው በአንድ ሰው ጉዞ ምክንያት ነው። እኒህም ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ሕይወታቸውም ከወሎ ቤተ መሳፍንት ዕጣ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ፣ የእርሳቸውን ታሪክ የሚያወሳ ሁሉ የወሎንም ታሪክ ሳያነሣ አያልፍም።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. በሸዋ ምድር፣ በምንጃር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ አደጉ። በዚያ ዘመን የመኳንንቱ ግብር ያለ ቅኔና ያለ መሰንቆ አይደምቅም ነበር። ተሰማም በተፈጥሮ ያገኙት ስጦታ ይኸው ነበርና፣ በፈጣን አንደበታቸው፣ ነገርን በሁለት ፊት አድርገው በማቅረብ ችሎታቸውና በድምፃቸው ቶሎ ታወቁ። አዝማሪነት ግን የተወደደውን ያህል የተናቀ ሙያም ነበር። ጌታው በአዝማሪው ቃል ይደሰታል፣ ይሸልማል፤ ልጁ አዝማሪ እንዲሆንበት ግን አይፈቅድም። ተሰማ ይህን ሙያ እንደ ያዙ ወደ ማዕረግ መውጣታቸው ከዘመናቸው ሰው ልዩ ያደርጋቸዋል።

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ። አዲስ ነገር ወዳዱ ንጉሠ ነገሥት መኪናውን ከማድነቅ አልፈው የሚነዳውና የሚጠግነው ኢትዮጵያዊ እንዲኖር ፈለጉ። ተሰማም ይህንኑ የመካኒክነት ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። የተላኩት ሞተር ለመማር እንጂ ለመዝፈን አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዚያ ጉዞ ለትውልድ የተረፈው ከሞተር ይልቅ ዘፈናቸው ሆነ። ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በዚያው አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የሸክላዎቹም ቁጥር 17 እንደሆነ ይነገራል። በንግድ ሸክላ የታተመ የኢትዮጵያ ዘፈን ከዚህ ይጀምራል።

በእርግጥ የኢትዮጵያውያን ድምፅ ከዚያ በፊትም በመሣሪያ ተይዞ ያውቃል። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የሰላምታ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው ለምኒልክ በላኩ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በዚያው መሣሪያ መልስ ሰጥተዋል። ያ ግን በነገሥታት መካከል የተመላለሰ መልእክት ነበር። የተሰማ ሸክላ ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ በቤቱ ሊያኖረው የሚችል ዕቃ ነበር።

በዚያ ዘመን ድምፅ መቅረጽ ምን ያህል ያስቸግር እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለዚህ ሥራ የዋለው ከ15 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዘፋኙ በአንድ ትልቅ ቀንደ መለከት አፍ ፊት ቆሞ ይዘፍናል። የድምፁ ኃይል ከቀንደ መለከቱ ጫፍ ያለውን ስስ ገጽ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘውም መርፌ በሚሽከረከር የሰም ገበታ ላይ መሥመር እየቀደደ ይሄዳል። ከሰሙ የብረት ማተሚያ ይወጣል፤ በማተሚያውም ከነፍሳት ሙጫ የሚዘጋጀው ጥቁር ሸክላ ይታተማል። ሥራው ከአንጥረኛው ብልሃት ጋር ይመሳሰላል። አንጥረኛ አስቀድሞ ሰሙን ቀርጾ ኋላ ወርቁን እንደሚያወጣ፣ የተሰማም ድምፅ አስቀድሞ ያረፈው በሰም ላይ ነበር። ቅኔያቸው በሰምና ወርቅ የታወቀው ሰው ይህ ዕድል ስለገጠማቸው መገጣጠሙ ያስደንቃል።

ችግሩ የመሣሪያው ብቻ አልነበረም። አዝማሪ በግብር ላይ ሲዘፍን ጊዜ የሚወስንበት የለም። የተቀመጠውን ሰው ፊት እያየ፣ ከአድማጩ የሚወረወርለትን ግጥም እየተቀበለ፣ ሲሻው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። የሸክላ አንድ ገጽ ግን የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ነው። በቀንደ መለከቱ ፊት የሚሸልም ጌታ የለም፤ ግጥም የሚቀበል አድማጭም የለም፤ ቋንቋውንም የሚያውቅ አይገኝም። ተሰማ ረጅሙን የአዝማሪ ሌሊት በጥቂት ደቂቃ ጠቅልለው ማቅረብ ነበረባቸው። ዛሬ ዘፈን አጭር ሆኖ መቆረጡ ማንንም አያስገርምም፤ በአገራችን ሙዚቃ ግን ይህን ልክ መጀመሪያ የለኩት እርሳቸው ናቸው።

ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ምኒልክ በጽኑ ሕመም ተይዘው ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ልጅ ኢያሱ በመሸጋገር ላይ ነበር። ልጅ ኢያሱ የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ራስ ሚካኤል በደሴ ንጉሥ ተባሉ። ወሎም በአንድ ጊዜ የመንግሥቱ ዋና ምሰሶ ሆነች። ተሰማ ከወጣቱ መሪ ጋር ቅርብ ወዳጅነት መሠረቱ፤ የነጋድራስነትንም ማዕረግ አገኙ። ትናንት በግብር ላይ መሰንቆ ይመቱ የነበሩት ሰው ከመንግሥቱ ባለሟሎች ተርታ ተሰለፉ።

ይህ ከፍታ ዕድሜው አጭር ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀንም በሰገሌ ድል ሆነው ተማረኩ። በዚያ ጦርነት ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ። ከወሎ ደጋ ከዘመተው ሠራዊት ወደ ቀዬው ያልተመለሰው ብዙ ነበር። የተሰማም ዕድል ከወዳጃቸው ዕድል ጋር ወደቀ፤ ከሥልጣንም ከዋና ከተማም ርቀው ለመኖር ተገደዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በሰገሌ ዘመን በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ ሰርግ ያደመቁ፣ ዘማች የሸኙ፣ ለሞተ ጀግና ያለቀሱ አዝማሪዎችና አልቃሾች ነበሩ። በመስጊዱና በሐድራው መንዙማ የሚያሰሙ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ቅኔ የሚቀኙ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በድምፅም ሆነ በግጥም ከተሰማ የሚስተካከል አልነበረም ብሎ መናገር አይቻልም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እነዚያን ወደ ቀንደ መለከቱ ፊት ያደረሰ መንገድ አልነበረም። የእነርሱ ግጥም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ የባለቤቱን ስም አጣ፤ ድምፃቸው ግን ከእነርሱ ጋር ተቀበረ። የተሰማ ሸክላ የአንድ ሰው መታሰቢያ ብቻ ሳይሆን የዚያ ሁሉ ትውልድ ብቸኛ ምስክር ለመሆን የበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጋድራስ ተሰማ ከሰገሌ በኋላ ረጅም ዕድሜ አገኙ። በ1914 ዓ.ም. መባቻ በጅማ የተወለደላቸው ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ለኢትዮጵያና ለአፍሪካ እግር ኳስ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሆኖ የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። አባት የጣሊያንን ወረራና ከዚያም በኋላ የመጣውን ዘመን አይተው፣ ዘፈናቸው ከተቀረጸ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ኖረው፣ በ1957 ዓ.ም. በ88 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሸክላ ግን እንደ ባለቤቱ ዕድሜ አልታደለም። ከወደቀ ይሰበራል፤ የብረት መርፌው ባረፈበት ቁጥር መሥመሩን ይበላዋል። በጣም የተወደደው ዘፈን ፈጥኖ የሚያልቀውም ስለዚህ ነው። በአንድ በኩል ዘፈኑን ያኖረው ሰው መውደዱ ነው፤ በሌላ በኩል ዘፈኑን የሚያጠፋውም ይኸው መውደድ ነው። የተሰማ ድምፅ ለዛሬ የደረሰው ሸክላውን በጥንቃቄ የያዙ ሰዎች በመኖራቸው ነው። ልጃቸው ይድነቃቸውም የአባቱን ቅኔና የሕይወት ታሪክ ሰብስቦ አዘጋጅቷል፤ እርሱ በ1979 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ሥራው ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ በ1985 ዓ.ም. ለንባብ በቃ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ፣ ዘፈኖቹ ከተቀረጹ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ስብስብ 27ኛ ክፍል ሆነው በሲዲ ወጡ። ቃሉን መጽሐፉ አተረፈው፤ ድምፁን ደግሞ ሰብሳቢዎቹ አተረፉት።

በመካነ ሰላምና በመላው የወሎ ደጋ በየሣጥኑ የተቀመጡት ካሴቶችም ዛሬ በዚያው ሸክላ ዕጣ ላይ ናቸው። ክሩ ይጣበቃል፤ ማጫወቻው ይጠፋል፤ ባለቤቱ ሲሞት ወራሹ ዕቃውን ይጥላል። ከመካከላቸው ሌላ ቦታ የማይገኝ የሰርግ ዘፈን፣ ሌላ ሰው ያልቀዳው መንዙማ ሊኖር ይችላል። ጀርመን አገር ሞተር ሊማሩ የሄዱት ሰው በአጋጣሚ ያኖሩት ጥቂት ደቂቃ ይህን ያህል ከከበረ፣ በገዛ ቤት ያለውን ሳይሰበርና ሳይጠፋ አንሥቶ መገልበጥ አጋጣሚን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።