ቶማስ ሆጅኪን፦ ንፍፊትን አተኩሮ ያየ ሐኪም

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ምሩቃችን፣ ፈረስ ለአዊ ሰው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። እኛ የእንስሳት ሐኪሞች የአንድ የሰው ሐኪም ታሪክ ማንሳታችንም ለዚሁ ፈረስ ብለን ነው።

ሆጅኪን በ1798 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደ። ኤድንብራ ተምሮ፣ ፓሪስ ላይ ከላኤኔክ የደረት ማዳመጫን ሥራ ቀሰመ። ለንደን ተመልሶ በጋይስ ሆስፒታል አስከሬን መርማሪና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆነ። በ1832 ንፍፊታቸውና ጣፊያቸው ያበጠ የሰባት ሕሙማንን ታሪክ አቀረበ። እብጠቱ የሌላ ቁስል መዘዝ ሳይሆን ከራሱ ከንፍፊቱ የሚነሳ በሽታ ነው አለ። ማንም ልብ አላለውም። በ1837 የተመኘውን የሐኪምነት ቦታ ተነፈገ፤ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሟገቱም ሳይጎዳው አልቀረም። ሆስፒታሉን ጥሎ ወጣ። ሳሙኤል ዊልክስ በሽታውን በስሙ የጠራለት በ1865 ነው፤ በዓመቱ ሆጅኪን ጃፋ ላይ አረፈ። ኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሰባቱ አንዳንዶቹ ሌላ በሽታ ሆነው ተገኙ፤ በባዶ ዓይን ለሠራ ሰው ግን ይህም ብዙ ነው።

ታዲያ ዳንግላ ላይ የጋሪ ፈረስ ቆዳው እባጭ ሲያወጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የሊምፍ ሥር ፈንገስን ነው፤ ደግም ነው። ነገር ግን እባጩ መግል አልቋጥር ካለ፣ ፈረሱ እየበላ ከከሳ፣ ሆዱ ሥር ውኃ ከቋጠረ ወይም የዓይኑ ቆብ ካበጠ ሊምፎማንም አስቡ። ከንፍፊቱ በመርፌ ቅዱና ማይክሮስኮፕ ሥር እዩት፤ ካልለየላችሁ ቁራጭ ሥጋ ወስዳችሁ ላቦራቶሪ ላኩ።