ማንበብ የተከለከለው መስታወት ሠሪ

ዮሴፍ ፍራውንሆፈር እ.አ.አ በ1787 ስትራውቢንግ በተባለች የባቫርያ ከተማ ተወለደ። ግዛቲቱ ዛሬ የጀርመን አካል ናት። አባቱ መስታወት በመሥራት የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው እናቱንም አባቱንም በሞት አጣ። አሳዳጊዎቹ ወደ ሙኒክ ወስደው፣ ለአንድ የቤተ መንግሥት መስታወት ሠሪ ለስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ እያገለገለ ሙያ እንዲማር ሰጡት። ጌታው ግን መጽሐፍ ማንበብ ከለከለው።

እ.አ.አ በ1801 የጌታው ቤት ተደረመሰ። የጌታው ሚስት ስትሞት ልጁ ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ተገኘ። ቁፋሮውን ለማየት የመጣው የባቫርያ መስፍንም 18 የወርቅ ዱካት ሰጠው። የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ወርቅ ልብስ ቢገዛበት ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን የመስታወት መሞረጃ መሣሪያ ገዛበት፤ የቀረውንም የአገልግሎት ጊዜ በገንዘቡ ዋጀ። ዑትሽናይደር የተባለ ባለሀብት የሒሳብና የብርሃን ጥናት መጻሕፍት ሰጠው፤ እ.አ.አ በ1806ም የመሬት መቀየሻ መሣሪያ በሚመረትበት ድርጅቱ ቀጠረው።

ሌንስ የሚሠራው ቢላ እንደሚሳል ነው፤ በሻካራው ተጀምሮ በደቃቁ ያልቃል። የዘመኑ ባለሙያዎች ለመጨረሻው ማለስለስ ቀይ የብረት ዝገት ዱቄት ይጠቀሙ ነበር። እጅ ጥቂት ካደላ ግን ምስሉ ይደበዝዛል። ፍራውንሆፈር ሥራው በሠራተኛው እጅ ብቻ እንዳይወሰን የማለስለሻ መኪና ሠራ። ለመፈተኛም ቅርጹ የታወቀ መስታወት በአዲሱ ላይ ይደረብ ነበር። በመካከላቸው ያለው ስስ አየር፣ በኩሬ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ እንደሚያሳየው ያለ ባለቀለም ቀለበት ያወጣል። ቀለበቱ ከተጣመመ ሌንሱ ወደ ማለስለሻው ይመለሳል።

መስታወቱ ራሱም መለካት ነበረበት። ቀለማት ግን እርስ በርስ ስለሚዋሐዱ የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ መለየት ያስቸግራል። እ.አ.አ በ1814 ፍራውንሆፈር በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከ500 በላይ ጥቁር መስመሮችን ቆጠረ፤ እንደ ማሳ ድንበር ድንጋይም ለልኬት ተጠቀመባቸው። ልኬቱን ለዓለም አሳተመ። የመስታወቱ አቀላለጥ ግን የድርጅቱ ምስጢር ሆኖ ቀረ፤ ለገበያ ይበጅ ይሆናል እንጂ ለዕውቀት ጉዳት ነበር። በሙኒክ የሳይንስ አካዳሚም ትምህርት ቤት ያልዋለ የእጅ ባለሙያ ነው ብለው ሙሉ አባልነቱን የተቃወሙ ነበሩ።

እ.አ.አ በ1824 የሠራው፣ 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ የተገጠመለት ቴሌስኮፕ ዛሬ በኢስቶኒያ በምትገኘው ዶርፓት ተተከለ፤ በዘመኑ ከሌንስ ቴሌስኮፖች ሁሉ ታላቁ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ39 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። እርሱ በነደፈው ሌላ መሣሪያ ቤሰል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.አ.አ በ1838 የአንድ ኮከብ ርቀት ለካ።

ብርቅዬ ማዕድን ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሴሪየም የተገኘው ፍራውንሆፈር ገና ሙያ በሚማርበት ዘመን፣ እ.አ.አ በ1803 ነው። ዱቄቱ በመስታወት ማለስለሻነት ቀዩን ዝገት የተካው ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሴሪየም የለሰለሰ ሌንስም እስከ ዛሬ በዚያው ቀለበት ይፈተናል።