የጧኢፍ መንገድ ጓደኛ

ጧኢፍ ሲነሳ ዓዳስ ያቀረበው ወይን ትዝ ይለናል፤ የሐበሻዊቷን የኡሙ አይመንን ባል ዘይድ ኢብን ሓሪሳን (ረ.ዐ) ግን እንዘነጋለን። በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠው ዘይድ፣ አባቱ ሊወስደው ቢመጣም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልለይም ያለ ሰው ነው። ኸዲጃና አቡ ጧሊብ በሞቱ ማግስት፣ በ619 እ.ኤ.አ ገደማ፣ አብሯቸው ጧኢፍ ሄደ። ሹማምንቱ አላገጡባቸው፤ ልጅና ባሪያ አስነስተው በድንጋይ አባረሯቸው። የነቢዩ እግር ደማ፤ ዘይድም በሰውነቱ ሲጋርዳቸው ተፈነከተ። ከአንድ የወይን አትክልት ጥላ ሥር አረፍ ብለው ነቢዩ ድካማቸውን ለጌታቸው አሰሙ። በመልሱ፣ መካ እንዴት ይገባል ብሎ የተጨነቀው ዘይድ ነበር፤ አላህ መውጫ እንደሚያበጅ ነግረው ያረጋጉት ደግሞ የተባረሩት ነቢይ ናቸው! በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ዘይድ ሰንደቁን እንደያዘ ሙእታ ላይ ወደቀ። መርዶውን ለመዲና ሰዎች ሲነግሩ የነቢዩ እንባ ይወርድ ነበር።